ማንም የማያየው ብሎን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ዕትም ላነሣው ያሰብሁት ጥያቄ ሲሰሙት ለሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ የሚሆን አይመስልም። ጥያቄው «ለውድ ቢስክሌት የሚሆን ጥንቁቅ መካኒክ እንዴት ይገኛል?» የሚል ነው። ከእናንተ መካከል አብዛኞቻችሁ ቢስክሌት የላችሁም፤ እኔም የለኝም። ነገር ግን ታናሽ ወንድሜ ቢስክሌት ጋላቢ በመሆኑ ይህን ጥያቄ ይዘን ብዙ ቀን ተንከራትተናል። በመጨረሻ ያገኘነው መልስ ስለ መካኒኮች ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችንም ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ለእናንተ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወንድሜ ሦስት ዓመት ባጠራቀመው ገንዘብ ላይ በውጭ አገር የሚኖረው አጎታችን ጨምሮለት አንድ የውድድር ቢስክሌት ተገዛ። ይሁን እንጂ ቤታችን የደረሰው ቢስክሌት ሳይሆን ሁለት ካርቶን ነው። እናታችን ካርቶኖቹ ሲከፈቱ አይታ «ይኼ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶበት ተሰባብሮ መጣ እንዴ?» አለች። ወንድሜ ሳቀ። ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ቢስክሌት ብዙ ጊዜ ተገጣጥሞ አይሸጥም። ቴላዮው፥ ማለትም ዋናው አካል፥ ከአንድ ፋብሪካ፥ ቸርኬው ከሌላ፥ ማርሹና ፍሬኑ ደግሞ ከሦስተኛ ይመጣል። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሲታይ እጅግ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ገና ቢስክሌት አይደለም። ቢስክሌት የሚያደርገው የገጣሚው እጅ ነው። ስለዚህ የእናታችን ጥያቄ ሞኝነት አልነበረም፤ ጥሩ ዕቃ በመጥፎ እጅ ከገባ እንደ ተሰበረ ይቆጠራል።

ውድድር ቀርቦ ስለ ነበር ቸኮልን። ለቤታችን ቅርብ ወደሆነ አንድ መካኒክ ካርቶኖቹን ወሰድን። ዋጋውን ሲነግረን ተከራከርንና ወደ ግማሽ አወረድነው። «ነገ ኑ» ሲለን «አይሆንም፥ ዛሬውኑ ነው የምንፈልገው» ብለን አጠገቡ ቆመን ጠበቅነው። እርሱም በሁለት ሰዓት ተኩል ገጣጥሞ፥ በጨርቅ ወልውሎ አስረከበን። ቢስክሌቱ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ወንድሜ መካኒኩን በደስታ አመሰገነው፤ እኔም ዋጋ በማስቀነሴ ራሴን እንደ ብልህ ቆጠርሁ።

በአራተኛው ቀን ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ የፊተኛው ጎማ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ገባና መሪው በእጁ ውስጥ ወደ ታች ዞረ። መሪ የዞረበት ሰው ፍሬኑንም አያገኘውም። ወንድሜ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። የትከሻው አጥንት ተሰበረ፤ ጉንጩም ተላጠ። ከኋላው መኪና ስላልነበረ ዛሬ በሕይወት አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቢስክሌቱ ሲመረመር ምክንያቱ በጣም ትንሽ ነገር ሆኖ ተገኘ። መሪውን የሚጨብጠው አንገት በአራት ትንንሽ ብሎኖች ይታሰራል። አራቱም እኩል መጥበቅ አለባቸው። ምን ያህል እንደሚጠብቁ በዕቃው ላይ ተጽፏል፤ በእኛው ላይ 5 ኒውተን ሜትር ይላል። ይህም ማለት ሃያ ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ክብደት እንደ ማንጠልጠል ነው። ከዚያ ካነሰ መሪው ይንሸራተታል፤ ከዚያ ከበዛ ካርቦን የተባለው ቀላልና ጠንካራ ዕቃ ይሰነጠቃል። ከእኛዎቹ ብሎኖች ሁለቱ ከልክ በላይ ጠብቀው፥ ሁለቱ ላልተው ተገኙ። ከላይ ሲታዩ ግን አራቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። የላላውን ብሎን ጨርቁ እኩል ወልውሎታል።

በዚያው ሰሞን ከመዝሙር ጥናት በኋላ ስለ ነገሩ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ተወያየን። አንዱ ወንድማችን «ጥፋቱ የመካኒኩ ነው፤ ሊከሰስ ይገባዋል» አለ። ሌላው «ፈተና ነው፤ የታዘዘ ነገር አይቀርም» አለ። በልብስ ስፌት የምትተዳደር አንዲት እኅታችን ግን ወደ እኔ ዞረችና «ስንት ከፈላችሁት? ስንት ሰዓትስ ሰጣችሁት?» ብላ ጠየቀችኝ። እርሷን የሠርግ ልብስ በሦስት ቀን ስፊልን እያሉ የሚያስጨንቋት ሰዎች ስላሉ፥ ጥያቄውን ከየት እንዳመጣችው ገባኝ። መልስ ግን አልነበረኝም።

ስለዚህ ሦስቱን አስተያየቶች ቤቴ ገብቼ አሰላሰልኋቸው። «የታዘዘ ነው» የሚለውን መቀበል አልቻልሁም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። እግዚአብሔር አወዳደቃችንን በእርሱ እንድናሳብብ ቢፈልግ ኖሮ መከታ ሥሩ ብሎ ባላዘዘን ነበር። ያልጠበቀ ብሎን ያመጣውን ጉዳት ፈተና ብሎ መጥራት፥ የሰውን ስንፍና ለእግዚአብሔር ማሸከም ነው።

መካኒኩም ነጻ አይደለም። «በዚህ ሰዓት፥ በዚህ ዋጋ አይሆንም» ብሎ ሊመልሰን ይችል ነበር። እኛም ነጻ አይደለንም። አንዳንድ ሰው ጥፋቱን ከሌላ ጋር ሲካፈለው የቀለለለት ይመስለዋል። ነገር ግን ጥፋት እንደ ዳቦ አይደለም፤ ለሁለት ቢቆርሱት ለእያንዳንዱ ሙሉው ይደርሰዋል። እርሱ የወንድሜን ሕይወት ለሁለት ሰዓት ተኩል ሸጠው፤ እኔ ደግሞ ተከራክሬ በግማሽ ዋጋ ገዛሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገራችን ሰው። ጥሬ ከሆነ ይለቀማል፤ ሰው ቢፈስ ማን ይለቅመዋል?

ወንድሜ ከዳነ በኋላ ፍለጋው ተጀመረ። ሰው ሁሉ ምልክት ይነግረን ነበር። «ሱቁ ንጹሕ የሆነውን ምረጡ» አሉን፤ ንጹሕ ሱቅ አገኘን፤ ባለቤቱ ግን ብሎኑን ሁሉ በክንዱ ግምት ያጠብቅ ነበር። «ብዙ መሣሪያ ያለውን ምረጡ» አሉን፤ ግድግዳው ሙሉ መሣሪያ የተሰቀለበት አገኘን፤ ግማሹ መሣሪያ ግን አቧራ ለብሷል። «ውድ የሚያስከፍለውን ምረጡ» አሉን፤ ውድ የሚያስከፍል ማግኘት ደግሞ ከሁሉ የቀለለ ሆነ። ሁሉም የወንድሜን ቢስክሌት ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል፤ ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ «ይቺንማ በልዩ ጥንቃቄ ነው የምንሠራት» ይሉናል። እኛም ይህን ሰምተን ደስ ይለን ነበር። ይህ ቃል ራሱ መጥፎ ምልክት መሆኑን ገና አላወቅንም።

በመጨረሻ አንድ ጎሚስታ ወደ አንድ ሽማግሌ መራን። ሱቃቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት። ስንደርስ ለሰፈር ልጆች በሰዓት የምትከራይ አንዲት አሮጌ ቢስክሌት ገልብጠው ይሠሩ ነበር። ቀለሟ የለቀቀ፥ መቀመጫዋ በላስቲክ የታሰረ፥ ሁላችንም በልጅነታችን የወደቅንባት ዓይነት ናት። ሽማግሌው ጎማዋን ያሽከረክሩና ከፍሬኑ ጋር ያላትን ክፍተት ጎንበስ ብለው ያያሉ። ከዚያ ከቸርኬው ሽቦዎች አንዱን ሩብ ዙር ያጠብቃሉ፤ በማዶ ያለውን ሩብ ዙር ያላላሉ፤ ደግሞ ያሽከረክራሉ። እንዲህ እያሉ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሆነ። የወንድሜን ቢስክሌት አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቢስክሌቷን የሚያከራየው ልጅ ሰልችቶት «አባባ፥ ይበቃል እኮ፤ ኪራይ ናት» አላቸው።

«ኪራይ ናት» አሉት ሳያዩት። «የሚቀመጥባት ልጅ ግን ኪራይ አይደለም።»

እኔና ወንድሜ ተያየን። ፍለጋችን እዚያ ላይ አበቃ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እኔ የተማርሁት ይህን ነው። ውድ ቢስክሌት የሚሠራልህን ሰው ከፈለግህ፥ ርካሽዋን ቢስክሌት እንዴት እንደሚይዛት ተመልከት። በውድ ዕቃ ላይ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል፤ ባለቤቱ ቆሞ ያየዋልና፥ ዋጋው ያስፈራዋልና። ይህ የዕቃው ክብር እንጂ የሠራተኛው ምግባር አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 ነጋዴ በከረጢቱ ትልቅና ትንሽ ሁለት ዓይነት ሚዛን እንዳይዝ ይከለክላል። እኛ ይህን ሕግ የምናነበው ስለ እህልና ስለ ቅቤ ነው። ነገር ግን ለባለጸጋው አንድ ዓይነት ጥንቃቄ፥ ለድኻው ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ የሚይዝ ሠራተኛም ሁለት ሚዛን ይዟል። ጌታችንም በጥቂት የታመነ በብዙ እንደሚታመን ሲያስተምር ይህንኑ የፍለጋ መንገድ ሰጥቶናል፤ ብዙውን ከመስጠትህ በፊት ጥቂቱን ተመልከት ማለት ነው።

ሽማግሌው ተራችን ሲደርስ ቢስክሌቱን ከመንካታቸው በፊት ወንድሜን ጠየቁት። «የት የት ነው የምትሄድ ልጄ? ጉልበትህን ያምሃል? እጅህ ይደነዝዛል? ስትወድቅ በየት በኩል ነበር?»

«እኔ ነኝ ወይስ ቢስክሌቱ?» አለ ወንድሜ።

«ሁለታችሁም» አሉት።

ይህ አጠያየቅ የጥሩ መካኒክ ሁሉ ጠባይ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ኤርኔስቶ ኮልናጎ ስለሚባለው ዝነኛ የጣሊያን ቢስክሌት ሠሪ እንዲህ ይነገራል። በ1955 እ.ኤ.አ. ገና ትንሽ ሱቅ ያለው ወጣት ሳለ፥ ፊዮሬንዞ ማኚ የተባለው ታላቅ ጋላቢ እግሩን እንደሚያመው ሲናገር ሰማ። ሌሎቹ እግሩን ያዩ ነበር፤ ኮልናጎ ግን ፔዳሉን የሚይዘውን ክንድ አየ። በትክክል አለመገጠሙን ተመልክቶ አስተካከለለት። ማኚም ወጣቱን በመካኒክነት ወደ ጣሊያን ዙር ውድድር ይዞት ሄደ፤ ውድድሩንም አሸነፈ። ሰውየው የሕመሙን ቦታ ያውቃል፤ ጥንቁቅ ሠራተኛ ግን የሕመሙን ምክንያት ይፈልጋል።

በሁለተኛው ቀን ስንመለስ ቢስክሌቱ ተፈታትቶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደርድሯል። ሽማግሌው የፊተኛውን ሹካ አንሥተው አሳዩን። ይህ ሹካ ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ፥ በቱቦው በቴላዮው ውስጥ አልፎ ወደ መሪው የሚወጣው ነው። ቱቦው ተገጥሞ ሳለ አይታይም። በእርሱ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አለች። በሳንቲም ቀስ እያሉ መትተው አሰሙን፤ ደኅናው ቦታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስንጥቁ አጠገብ ድምፁ ይታፈናል። «ብረት ሲደክም ጎበጥ ብሎ ሊነግርህ ይችላል» አሉ። «ይኼ ግን ዝም ብሎ ይቆይና በአንድ ቀን ይለቅሃል። እኔ አልገጥመውም።» ከእርሳቸው በፊት ሦስት መካኒኮች ቢስክሌቱን አይተውት ነበር፤ ሹካውን አውጥቶ ያየ ግን አልነበረም።

ወንድሜ ተቆጣ። «አባባ፥ ሌላ ውድድር ሊያልፈኝ ነው። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ፤ ብቻ ይግጠሙልኝ» አለ።

«አንተ ኃላፊነት የምትወስደው ለቢስክሌቱ ነው» አሉት ሽማግሌው። «እኔ የምወስደው ላንተ ነው። አልገጥምም።» ለምርመራው ግን ዋጋቸውን ጠየቁ። እኔ «ምንም ሳይሠሩ?» ብዬ በልቤ አጉረመረምሁ። ፊቴን አይተው ይሆናል፥ «መፈለግም ሥራ ነው ልጄ» አሉኝ። ከፈልን።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም በእርሱ ምክንያት ነው። አዲስ ሹካ እስኪመጣ ስንጠብቅ፥ ወንድሜ ሹካ እንደሚቀይር የሰማ ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ጋላቢ አሮጌውን ልግዛ አለ። ያቀረበው ዋጋ የአዲሱን ግማሽ ይሸፍን ነበር። ሹካውን አገላብጦ አየው፤ ከውጭ ቀለሙ ያበራል። ስለ መውደቁ አልጠየቀም። እርሱ ከሄደ በኋላ ወንድሜ «ምን ትላለህ?» አለኝ። እኔም «ሽጠው» አልሁት። «አልጠየቀንም፤ ካልጠየቀ አልዋሸነውም። ደግሞ ለዓመታት ምንም ላይሆን ይችላል» ብዬ ጨመርሁበት።

ወንድሜ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የጎረቤት የብረት መጋዝ ተውሶ መጣና ሹካውን ስንጥቁ ላይ ለሁለት ቆረጠው። ምንም አልተናገረኝም። ለሰውየው ደውሎ «ተሰብሯል» አለው፤ እውነቱንም ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ወር ሙሉ ጥንቁቅና ታማኝ ሰው ስፈልግ ነበር፤ በመጀመሪያው መካኒክ ላይም ስፈርድ ነበር። እኔ ራሴ ግን የተሰነጠቀ ሹካ ወልውዬ ለሌላ እናት ልጅ ላስረክብ ተዘጋጅቼ ነበር። በእኔና በዚያ መካኒክ መካከል የነበረው ልዩነት እርሱ አለማወቁ፥ እኔ ግን ማወቄ ነው። ስለ ሰገነቱ መከታ የተጻፈውን ለወንድሞቼ ሳስረዳ የኖርሁት ሰው መከታ የሌለውን ሰገነት ልሸጥ ነበር። የወንድሜ እጅ ግን ከሽማግሌው ተምሯል። ጥንቃቄ በስብከት ብቻ አይተላለፍም፤ ሲሠራ ያየው ሰው ይይዘዋል።

አዲሱ ሹካ ሲመጣ ሽማግሌው አምስት ቀን ጠየቁን፤ ዋጋውንም ነገሩን። አልተከራከርንም። ከሥራዬ ስወጣ እየሄድሁ አይ ነበር። የሹካው ቱቦ ረዝሞ ነው የሚመጣው፤ እንደ ጋላቢው ቁመና ይቆረጣል። ረዝሞ ከቀረ ዳግመኛ ይቆረጣል፤ አጥሮ ከተቆረጠ ግን መቀጠያ የለውም። ሽማግሌው ወንድሜን አስቀምጠው ለኩ፤ በማግስቱ ጠርተው ዳግመኛ ለኩ፤ ከዚያ በኋላ ቆረጡ። በዚያን ጊዜ ላሊበላ ትዝ አለኝ። እነዚያ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው፤ ቤተ ጊዮርጊስም ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። በግንብ ሥራ የተሳሳተ ድንጋይ ተነሥቶ ሌላ ይገባል፤ በፍልፍል ሥራ የተፈነቀለ አይመለስም። አባቶቻችን መዶሻውን ባነሡ ቁጥር ይህን እያወቁ ነው ያነሡት።

ከዚያም የፍሬኑ ሽቦ የሚያልፍበትን ቱቦ ጫፍ በሞረድ አስተካከሉ፤ ይህ በመሸፈኛ ውስጥ የሚቀር ነው። የብሎኖቹን ጥርስ ግራሶ ቀቡ፤ ብረትና አሉሚኒየም ደርቀው ከተገናኙ ከዓመታት በኋላ ተጣብቀው አንፈታም ይላሉ። እንግዲህ ይህን ያደረጉት ወደፊት ለሚፈታው፥ ለማያውቁት መካኒክ ብለው ነው። አራቱን የመሪ ብሎኖች ልኩ ሲደርስ ቀጭ በሚል መፍቻ፥ ከአንዱ ወደ ማዶኛው እየተሻገሩ፥ ጥቂት በጥቂት አጠበቁ።

የግራውን ፔዳል ሲገጥሙ ወደ ግራ ሲያዞሩት አይቼ የተሳሳቱ መሰለኝ። ነገሩን አስረዱኝ። የቀኙ ፔዳል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ይጠብቃል፤ የግራው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ እንደዚያ ባይሆን ጋላቢው በረገጠ ቁጥር ራሱን እየፈታ ይሄድ ነበር። የማያውቅ ሰው በጉልበት ሊያስገባው ሲሞክር ጥርሱን ይበላዋል። ይህን ዓይነት ፔዳል በ1900 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካስተዋወቁት መካከል በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት፥ በዴይተን ከተማ፥ የቢስክሌት ሱቅ የነበራቸው ወንድማማቾች ዊልበርና ኦርቪል ራይት ይገኙበታል።

እነዚህ ወንድማማቾች የአንድ ጳጳስ ልጆች ናቸው። በ1892 እ.ኤ.አ. ሱቅ ከፍተው ቢስክሌት ይሸጡና ይጠግኑ ጀመር፤ በ1896 የራሳቸውን ቢስክሌት መሥራት ጀመሩ። የአውሮፕላናቸውን ክንፍ በነፋስ ለመፈተን የሠሩትን ሚዛን ያበጁት ከመጋዝ ስለትና ከቢስክሌት ቸርኬ ሽቦ ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. ያበረሩት አውሮፕላን ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ተሽከርካሪዎቹ ያደረሰው በሰንሰለት ነው። የመጀመሪያው በረራ 12 ሴኮንድ ብቻ ቆየ። እሑድን የሚያከብሩ ስለ ነበሩ በዕለተ ሰንበት አይበሩም ነበር። ዓለም የሚያስታውሳቸው በ12ቱ ሴኮንድ ነው። እነርሱን ለዚያ ያበቃቸው ግን የሰው ቢስክሌት እየፈቱ በገጠሙባቸው ዓመታት የተማሩት ትዕግሥት ጭምር ይመስለኛል።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ ወንድማችን ጠንካራ ተቃውሞ አቀረበልኝ። «ጥንቃቄ የባለጸጎች ነው። ድኻ ቶሎና በርካሽ የሚሠራለትን ይፈልጋል፤ ሽማግሌው በአንድ የኪራይ ቢስክሌት ላይ አንድ ሰዓት ሲያጠፉ ሌሎች ድኾች ተራ ይጠብቃሉ» አለ። ንግግሩ እውነት አለበት። ሽማግሌው ባለጸጋ አይደሉም፤ በቀን የሚሠሩት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በርካሽ የተሠራልን ሥራ ለእኛ ምን ያህል እንደ ወጣበት የሆስፒታሉ ሒሳብ ይመሰክራል። ድኻ ሁለት ጊዜ ለመክፈል አቅም የለውም፤ ስለዚህ ከባለጸጋው ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው። ስለ ሠራተኛው ግን ወንድማችን ትክክል ነው፤ ጥንቃቄ ሰዓት ይበላል፤ ሰዓቱንም አንድ ሰው መክፈል አለበት። ሐዋርያው ያዕቆብ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ዋጋ ያስቀነስሁት ከመካኒኩ ትርፍ ላይ መስሎኝ ነበር፤ የተቀነሰው ግን ከአራቱ ብሎኖች ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጥንቃቄ ራሱ ወደ ትዕቢት ሊለወጥ ይችላል። ዕቃውን እያመለከ ሰውን የሚረሳ፥ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ የማይረባ የሚመስለው ጠንቃቃ አለ። መለያው ቀላል ነው፤ ጥንቃቄው ማንን ሊጠብቅ እንደ ተነሣ መጠየቅ ነው። ስሙን ሊጠብቅ ከሆነ በማይታየው ቦታ ላይ ይደክመዋል። ሰውን ሊጠብቅ ከሆነ ግን የማይታየው ቦታ ከሚታየው ይልቅ ያሳስበዋል። ኦሪት ዘጸአት ድንኳኑን እንዲሠራ ስለ ተመረጠው ስለ ባስልኤል ሲናገር የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት ይነግረናል፤ ያም የተሰጠው ወርቅና ብር፥ ድንጋይና እንጨት በብልሃት እንዲሠራበት ነው። እንግዲህ የእጅ ብልሃት ከመንፈስ ስጦታ ውጭ አይደለም ማለት ነው። ስጦታ ከሆነ ደግሞ የምንመካበት ሳይሆን የምናገለግልበት ነው።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በሜልቦርን፥ በ1949 ዓ.ም.፥ ከወከሏት ስፖርተኞች መካከል ቢስክሌት ጋላቢዎች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነዚህን በኩራት እናነሣለን። የቢስክሌታቸውን ብሎን ያጠበቁትን ግን ስማቸውን አንጠራም። በእኛም ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ ነው። የዘመረውን እናውቀዋለን፤ ከበሮውን የጠፈረውን አናውቀውም። መጽሐፉን ያነበበውን እናውቀዋለን፤ ብራናውን የፋቀውንና ያሰመረውን አናውቀውም። እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል። ያ ለእነርሱ ከበቃ ለእኛም ሊበቃን ይገባል።

ስለዚህ ወንድሜ፥ እኅቴ፤ አንተ በቢሮ መዝገብ የምትጽፈው፥ አንቺ በጤና ጣቢያ መድኃኒት የምትሰጪው፥ የልብሱን ስፌት ከውስጥ የምትጨርሺው፥ በትምህርት ቤት የልጆችን ደብተር የምታርመው፤ ዛሬ በእጃችሁ ያለችው የኪራይ ቢስክሌት የትኛዋ ናት? ማንም የማያየው ብሎናችሁስ የት አለ? ጥንቁቅ መካኒክ እንዴት ይገኛል ብዬ ነበር የጀመርሁት። ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ በርካሽ ዕቃ ላይ የሚያደርገውን አይቶ መለየት ይቻላል። ነገር ግን እንደዚህ ያሉት ሰዎች በአገራችን እንዲበዙ ከፈለግን፥ እያንዳንዳችን በተራችን ሰው ፈልጎ የሚያገኘን መሆን አለብን።

ወንድሜ ዛሬም ይጋልባል። ከእንጦጦ ሲወርድ እናታችን አሁንም መስኮቱ አጠገብ ቆማ ትጠብቀዋለች። እኔ ግን እንደ ቀድሞው አልፈራም፤ ከእጆቹ በታች ስላሉት አራት ብሎኖች የሚያስብ ሌላ ሰው እንዳለ አውቃለሁና።

አምላካችን የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ በማይታየውም ቦታ ታማኞች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።